እስከ ሰኞ አምስት ሰዓት

ላይሰንስሽን አድሺ የሚለው ደብዳቤ ዘንድሮም እንደ ልማዱ መጣ፤ እኔ ግን ዘንድሮ አላደስኩትም። የቤትና የመሬት ሽያጭ ወኪል ሆኜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፣ ይበቃኛል። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ ዓይኔም ከጥቃቅን ፊደል ጋር ተኳርፏል። ሥራው ራሱም ቢሆን የማውቀው ሥራ አይደለም። ድሮ ውል ይዘን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር እናቋርጥ ነበር። ዛሬ ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ ተሰልፎ ስልኩን በጣቱ ጫር ያደርግና መሬት ገዝቶ ይወጣል።

ጋራዤ ውስጥ ሦስት ካርቶን ሙሉ ደብተር አለኝ። ልጄ ልትጥለው አስባ ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ "ማሚ፣ ይሄ እኮ ሰዓት ብቻ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። 9:12፣ 2:47፣ 4:58፤ ከጎኑ የሰው ስምና አንድ ቃል ብቻ፦ ቀረበ፣ ተቀበለ፣ ደረሰ፣ ተነሣ። የሥራ ዘመኔ ይኸው ነው። አንዱ "በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ" ብሎ ከፈረመበት ደቂቃ ጀምሮ፣ የሌላው ፊርማ ተመልሶ እጁ እስኪገባ ያለውን ጊዜ ስጠብቅ ኖርኩ። መሬት ከሰው እጅ የሚያመልጠው እዚያ መሃል ላይ ነው። አንድ ጊዜ በእኔ ጥፋት አምልጧል። ስለሌላው ሁሉ ዝም ብል ግድ የለኝም፤ ስለዚያ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሱዳን ወደ ላስ ቬጋስ ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ ነበር። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ከሺፍት መልስ እየተማርኩ ላይሰንስ አወጣሁ። ግሪን ቫሊ ውስጥ ትንሽ ቢሮ የነበራት ሎሬይን የምትባል ሴት ቀጠረችኝ። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፤ በእኛ ደንብ አንቱ ልላት ይገባ ነበር። ለሥራ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ገጽ ጻፊ ብላ ሰጠችኝ፣ የእጅ ጽሕፈቴን አየችና "ነገ ጧት በስምንት ሰዓት ነይ" አለችኝ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።

ሎሬይን ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም፤ ልማዷ ነው ያስተማረኝ። ማንኛውም ወረቀት፣ ማንኛውም ስልክ ሲደርሳት፣ ምን እንደሚል ከማንበቧ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ ታያለች፤ ከዚያ ሰዓቱን በእርሳስ ከላይ በቀኝ በኩል ትጽፋለች። መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ቀጥሎ ነገሩ። የተፈረመ ውል ስታደርስ ማኅደሩን ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጣ የደህንነት ቀበቶውን ታስርለታለች። በመንገድ ላይ ለቡና አትቆምም። ወረቀቱ ከሚደርሰው ሰው እጅ ሳይገባ "እንኳን ደስ ያለህ" የሚል ቃል ከአፏ አይወጣም፤ እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ ደንበኛን እንኳን ደስ ያለህ ብዬ አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አንድ ደንበኛዬ ሻጩ ያቀረበውን ሁሉ ተቀብሎ ፈረመ። ከሥር ግን "ፍሪጁም ከቤቱ ጋር ይቅርልን" ብሎ በትንሹ ጻፈ። እኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ለፍሪጅ ብሎ ቤት የሚከለክል የለም ብዬ አደረስኩት። ሻጩ በማግስቱ ለሌላ ሰው ሸጠው፤ መብቱም ነበር። ሎሬይን አልተቆጣችኝም። ወረቀቱን አምጥታ ፍሪጅ የሚለው ላይ ጣቷን አኖረችና፣ "ይሄ ሰው እሺ አላለም፤ አዲስ ጥያቄ ነው የጠየቀው። የድሮው ቃል እዚችው ላይ ሞተ" አለችኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ነገረችኝ። አንድ ሰው "እስከ ዓርብ ክፍት ነው" ብሎ ቢፈርም እንኳ፣ ቃሉን ለማቆየት የተከፈለው ነገር ከሌለ፣ አንቺ ተቀብለሽ ሳታሳውቂው ማክሰኞም ሊያነሣው ይችላል። በሩ ገርበብ ብሏል እንጂ እጀታውን የያዘው ባለቤቱ ነው። ይህን በደንብ ያዝኩት። አላወቅሁም ነበር ብዬ ላመልጥ የማልችለውም ለዚህ ነው።

ሎሬይን ካረፈች በኋላ ሌሎች አለቆች አየሁ። አንደኛው ፎቶዬን ቢልቦርድ ላይ ሊሰቅለው ፈልጎ እምቢ አልኩት። ኮሚሽኑ አንዳንድ ዓመት ሞልቶ፣ አንዳንድ ዓመት ጎድሎ ልጆቼን አሳድጓል። በኋላ የእኛ ሰው እየበዛ መጣ፣ እኔም የእኛ ሰው ወኪል ሆንኩ። ከእኛ ሰው ጋር መሥራት ደስ ይላል፤ ከባድም ነው። ፈረንጅ ደንበኛዬን "እዚህ ጋ ፈርም" እለዋለሁ፤ ይፈርማል። የእኛን ሰው እስክሪብቶ ከማውጣቴ በፊት ልጆቹ ደህና መሆናቸውን፣ እናቱ መሻላቸውን ጠይቄ፣ የቀረበልኝን በልቼ፣ "ኧረ ጨምሪ" ሲሉኝ ጨምሬ ነው የማስፈርመው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በእንግሊዝኛ ስም ስለሌለው ሎሬይን አላስጠነቀቀችኝም።

አስካለ በሜዲካል ዲስትሪክት ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የሕሙማን ረዳት ነበረች። ባለቤቷ ጋሽ በየነ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ሰነፈ፣ ንግግሩ ዘገየ፤ ግን በምርኩዝ ይራመድ ነበር። ግሪን ቫሊ ያለው ቤታቸው ባለ ፎቅ ነው፤ መኝታውም መታጠቢያውም ፎቁ ላይ ነው። ሐኪሙ ደረጃ ላይ አንድ ጊዜ ከወደቀ ተመልሶ አይራመድም ብሎ ለአስካለ ቁርጡን ነግሯት ነበር። ቤቱን ሸጠች፤ በወሩ መጨረሻም ልታስረክብ ፈረመች። እኔ ዘንድ ስትመጣ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ በየነ በእግሩ ገብቶ በእግሩ የሚወጣበት ቤት።

አገኘሁላት። ከሰዘርን ሃይላንድስ ወጣ ብሎ ግማሽ ኤከር መሬት፣ ላዩ ላይ አንዲት ደረጃ የሌላት አሮጌ ቤት። ባለቤቱ አቶ ወርቅነህ የራሳችን ሰው ነው፤ በዓይን እንተዋወቃለን። ዋጋ ተባባልን፣ ዝቅ ከፍ አደረግን። ሐሙስ ዕለት የመጨረሻ ሐሳቡን በጽሑፍ አድርጎ ፈርሞ ላከልኝ፤ እስከ ሰኞ ከቀኑ አምስት ሰዓት ክፍት ነው ይላል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ዋጋው አስካለ የምትችለው ነበር። ዓርብ ሁለቱንም ላስፈርም ስል አስካለ፣ "ጋሼ ደምሴ ሳይመርቁን አንፈርምም" አለች። ወርቅነህም ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ቅዳሜ ሁላችንም እሱ ቤት እንድንገናኝ ጠራን።

ጋሼ ደምሴ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እዚህ የተጣላ ባልና ሚስት የሚታረቀው፣ የተካሰሰ ወንድማማች የሚስማማው እሳቸው ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰበሰብን። ምሳው ተበላ፣ መሬቱ ተወደሰ፣ የበየነ ጤና ተጠየቀ። ከዚያ ጋሼ ደምሴ ወርቅነህን ዞር ብለው አዩት፤ ባልከው ዋጋ ሸጠሃል ወይ? ሸጫለሁ ጋሼ አለ። አስካለንና በየነን ጠየቁ፤ እነሱም ገዝተናል አሉ። እጅ ተጨባበጡ።

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበረ። ውሉ ውስጡ አለ፣ ሁለት እስክሪብቶ አለ። ዚፑን ከፈት አድርጌ፣ "ጋሼ፣ እንግዲህ እግረ መንገዳችንን ወረቀቷን ብንፈራረም" አልኩ። የአስካለ ዓይን "ምነው" አለኝ። ወርቅነህ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ጥሩ አልነበረም። ጋሼ ደምሴ ሳይቆጡ፣ ልጅ እንደሚያስረዱ ሆነው መለሱልኝ።

"ልጄ ጽጌ፣ ይሄ ሰው እስከ ሰኞ ብሎ በጽሑፍ ፈርሟል። እስከ ሰኞ ታስሯል ማለት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ስጽፍ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ሰው በምርቃት ላይ ወረቀት አይዘረጋም፤ አስቀምጪው።"

ያሉት በአገራችን ሕግ እውነት ነው፤ ቀን ቆርጦ ሐሳብ ያቀረበ ሰው እስከዚያ ቀን ይታሰርበታል። እዚህ ግን አይደለም። እዚህ አይደለም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ሎሬይን የፍሪጁ ወረቀት ላይ ያኖረችው ጣት ታየኝ። ታዲያ በሰው ፊት፣ በሰው ቤት፣ ሃያ ዓመት ሕግ የጻፉ ሽማግሌ "ተሳስተዋል" ይባላሉ? ዚፑን ዘጋሁት። ተነሥተን መረቁን፣ አሜን አልን፤ እኔም አሜን አልኩ።

እሑድ አስካለ ድርብ ሺፍት ነበረባት። እኔም እሑድ አልሠራም፤ ልማዴ ነው። ልቤ ግን ቀኑን ሙሉ አላረፈም። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። ቅዳሜ የተመረቀን ነገር እሑድ ላይ "ቶሎ እንፈርም" ማለት ወርቅነህን ሌባ ማለት መሰለኝ።

ሰኞ ጧት፣ በፈረንጅ አሥር ሰዓት ላይ፣ አስካለ ከሥራ ስትገባ ደጃፏ ላይ ቆሜ ነበር። ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠችና ፈረመች። ቀጥሎ የበየነ ተራ ሆነ። ቀኝ እጁ ስለማይታዘዘው በግራው ነው የሚፈርመው፤ በግራው ደግሞ ፊደል እየሣለ ነው። ውሉ በሁለቱ ስም ስለሆነ የእሱ ፊርማ ካልተጨመረ የእሷ ብቻውን አይበቃም። ዘጠኝ ቦታ ይፈረማል። ወረቀቱን እየያዝኩለት፣ አይዞህ ቀስ በል እያልኩ፣ ሆዴ ግን ቶሎ በል ይለው ነበር። ስምንተኛው ላይ ደርሶ ሳለ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኬ ተንቀጠቀጠ።

"ይቅርታ እህት ጽጌ። ሌላ ገዢ አግኝቻለሁ። ኦፈሬን ካንስል አድርጌያለሁ። ወርቅነህ።"

በየነ አልሰማም፤ የመጨረሻውን ፊርማ ጀምሯል። አስካለ ግን ፊቴን አየች። ስልኩን ወደ እሷ አዞርኩላት። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አላየሁትም ብትይስ?" አለችኝ።

አስካለ ውሸት የማታውቅ ሴት ናት። ይህን እንድትል ያደረጋት ያ ደረጃ ነው፤ ከጀርባዋ ይታየኛል፣ ምንጣፉ የሳሳ ደረጃ። ማድረግ ይቻላል ደግሞ። በየነ ሊጨርስ አንድ ደቂቃ አይቀረውም። ፎቶ አንሥቼ በኢሜይል እልከዋለሁ፤ መልእክቱን ከዚያ በኋላ ነው ያየሁት እላለሁ። የሁለት ደቂቃ ልዩነት ማን ይመረምራል? እውነቱን ልናገር፦ ላደርገው ነበር። ጻድቅ ሆኜ አልነበረም የተውኩት። ዝቅ ብዬ ሳይ ደብተሬ ተከፍቷል፣ እርሳሱም እጄ ላይ ነው፤ ገጹ ላይ በራሴ ጽሕፈት "10:40 ወርቅነህ፣ ተነሣ" ተብሎ ተጽፏል። መቼ እንደጻፍኩት አላስታውስም። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነበር።

"አይቼዋለሁ አስካለ" አልኳት። "ጽፌዋለሁም።"

በየነ ፊርማውን ጨርሶ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ሳቀ። ዘጠኙንም ፈርሟል። ማን እንደነገረው አላየሁም፤ እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ጋሼ ደምሴን በመኪናዬ ይዤ ወርቅነህ ቤት ሄድኩ። በሩን ራሱ ከፈተ፤ ግቡ ብሎናል፣ አልገባንም። ዓይኑን ከጋሼ አላሸሸም።

"ጋሼ፣ እርስዎን ማዋረዴ አይደለም። ቅዳሜ እሺ ያልኩት ከልቤ ነው። እሑድ የመጣው ሰውዬ ግን ጨምሮ፣ ወረቀቱን ይዞ መጣ፤ ቆሞ አስፈረመኝ። እናንተ ሁለት ቀን ዝም አላችሁ። እኔን ያሰረኝ ወረቀት የታል?"

ጋሼ ደምሴ እርግማንም ምርቃትም አልተናገሩም። አመሰግናለሁ ብለው ተመለሱ። ጠበቃ ጠየቅን፤ በአፍ የተባለ እሺ ለመሬት አይበቃም፣ የገዢው ፊርማም ከመድረሱ በፊት ሐሳቡ ተነሥቷል ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር አሰናበተን። ከጠበቃው ስንመለስ ጋሼ መኪናው ውስጥ ወደ እኔ ዞሩ።

"እዚህ አገር እንዲህ ነው ሕጉ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ቅዳሜ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። እሳቸውን በሰው ፊት ማረም ከብዶኝ ነው። ለክብራቸው ብዬ ያደረግሁት ነገር፣ እነሆ ከጎኔ ተቀምጠው ፊታቸውን በመዳፋቸው እንዲሸፍኑ አደረጋቸው።

ወሩ አለቀ፤ አስካለ ቤቷን አስረከበች። በአቅሟ የሚገኘው ኪራይ ቤት ምድር ቤቱ ሁሉ ተይዞ ሁለተኛ ፎቅ ብቻ ነበር። አሥራ አራት ደረጃ። በየሐሙሱ በየነን ለፊዚዮቴራፒ ማውረድ ስለነበረባት እኔም በየሐሙሱ እሄድ ነበር፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ቤት መፈለጌንም አላቋረጥኩም፤ የሚገኘው ወይ ከአቅሟ በላይ ነው ወይ ደረጃ አለው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ስናርፍ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ማስፈረም እንደነበረብኝ በግልጽ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "ያን ቀን ወረቀቱን ብታወጪው ኖሮ እኔ ራሴ ነበርኩ የምቀየምሽ" አለችኝ። ይህ አላጽናናኝም። ልትቀየመኝ ይገባ ነበር፤ የእኔ ሥራ በዚያ ቅያሜ ዋጋ ቤቱን እጇ ማስገባት ነበር።

በክረምቱ፣ ሐሙስ ባልሆነ ቀን፣ በየነ ማንንም ማስቸገር አልፈለገምና ፖስታ ሊያይ ብቻውን ወረደ። አራተኛው ደረጃ ላይ ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ። ሐኪሙ ያለው አልቀረም፤ ከሆስፒታል የወጣው በተሽከርካሪ ወንበር ነው።

በጸደይ ሌላ ቤት ተገኘ። ባለቤቷ አንዲት ፈረንጅ መበለት ናት፤ መሬቱ ካለፈው ያንሳል፣ ቤቱ ደረጃ የለውም። ፈርማ የላከችው ማክሰኞ ጧት ሲሆን እስከ ሐሙስ አምስት ሰዓት ክፍት ነው ይላል። አስካለን ደውዬ፣ "ዛሬ፣ አሁን" አልኳት። አልተከራከረችኝም። ጋሼ ደምሴን ግን ጥሪያቸው አለች፤ ያለ እሳቸው አይሆንልኝም።

ጋሼ አሥራ አራቱን ደረጃ እየቆሙ፣ እየተነፈሱ ወጡ። ወንበር ሰጠናቸው፣ አልተቀመጡም። አስካለ የሚቀመስ ነገር ልታቀርብ ስትል በእጃቸው ከለከሏትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ወረቀቱ የታል?"

ዘረጋሁት። አስካለ ፈረመች። በየነ በግራ እጁ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ዓይኔን ከእሱ መንቀል አቃተኝ፤ አሁን ይንቀጠቀጣል፣ አሁን ይንቀጠቀጣል እላለሁ። ጋሼ ደምሴም የሚያዩት ስልኩን ነበር። ዘጠነኛው ላይ በየነ እጁ ደክሞት ቆም አለ፤ ማንም ቶሎ በል አላለውም። ጨረሰ። ፎቶ አነሣሁ፣ ላክሁ። የመበለቷ ወኪል "ደርሶናል" የሚል መልስ እስክትልክ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። መጣ።

"ሰዓቱን ጻፍሽ?" አሉኝ ጋሼ።

"ጻፍኩ ጋሼ። አሥራ አንድ ከስድስት።"

ከዚያ መረቁን። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት የመጨረሻው ሰዓት እሱ ነው።

ቤቱን በተረከቡ ቀን አስካለ ወንበሩን እየገፋች ደጃፉ ድረስ አመጣችው። በሩ ሰፊ ነው፤ መሬቱና የቤቱ ወለል እኩል ናቸው፣ ሊያደናቅፍ የሚችል አንድ ጠጠር እንኳ የለም። በየነ በጤነኛ እጁ ጎማውን ያዝ አድርጎ አቆመው። ወለሉን ብዙ አየው። ለወቀሳ አልነበረም፤ የበየነን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ ለራሱ ነው የተናገረው።

"በእግሬ ነበር... የምገባው" አለ።

እጁን ከጎማው ላይ ሲያነሣ ከአስካለ ጎን ሆኜ ወንበሩን ወደ ውስጥ ገፋሁት።